በጠበል የዋጥኩት ክኒን

የተማሪዎች የተቃውሞ ወረቀት ስትበትን ተገኘች ብለው ደብረ ብርሃን ፖሊስ ጣቢያ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ወገቡ ረጥቧል። ክረምት ነበር። ሁለት ሴቶች አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ከጫጫ የመጣች ጠላ ሻጭ ናት። ሌላዋ የአንኮበር ቄስ ሚስት ናቸው፤ ወንድማቸው የባላባቱን ምስለኔ አቁስሎ ወደ ቆላ ስለሸፈተ፣ ያለበትን ተናገሪ ተብለው ነው የታሰሩት። ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

እኔ መገጣጠሚያዬን ያመኛል። ለዚያ ኮርቲዞን የሚባል ክኒን በየማለዳው እውጣለሁ፤ አንድ ቀን መዝለል የለም። ሐኪሙ ሰውነትሽ ለምዶታል፣ በድንገት ካቋረጥሽው ትወድቂያለሽ ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ለሰው እንዳልናገር አስምላኛለች። በሽተኛ ልጅ ማን ያገባል ትላለች። በትዳር ወሬ እስቃለሁ፤ ምስጢሩን ግን እንደ እሷው ደበቅሁ።

ፍልሰታ ገባ። ሴቶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። እኔ በማለዳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በመሀረቤ ቋጥሬ ያስገባሁትን ክኒን እውጣለሁ። መድኃኒቱ ፊት ያሳብጣል፤ እነሱ ሲከሱ እኔ እንደ ሊጥ ኩፍ አልኩ።

የጫጫዋ አላስቻላትም። "የኛ ጉንጭ ሲሰረጉድ ያንቺ ይነፋል። መርማሪው ምን ቢያበላሽ ነው?"

"አልጾምም፤ አላምንበትም" አልኳት። ደፋር ተማሪ መምሰሌ ነበር። ከዚያ ወዲያ የአንኮበሯ ሰላይ ናት ብለው እኔ ባለሁበት የወንድማቸውን ነገር አንስተው አያውቁም።

በዚያው ሰሞን አንገቴ ላይ እጢ ወጣና ሆስፒታል ወሰዱኝ። የሆስፒታሉ ሐኪም በማግስቱ በቀዶ ጥገና ሊያወጣው ወሰነ። በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ አለው። እኔን ብቻዬን ደግሞ፣ ስለ ክኒኑ ስነግረው፣ እሱን ግን ጠዋት በአንዲት ጉንጭ ውሃ ዋጪ፣ እንዳትተዪው አለኝ።

ማታውኑ ወደ ጣቢያው መለሱኝ። ሲነጋ ያው ፖሊስ ገብቶ የውሃውን ጣሳ አነሳ። ክኒኑን ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ያዘና ከነመሀረቡ ቀማኝ። ሐኪሙ እንደፈቀደ ነገርኩት። ለእኔ የተነገረኝ ምንም እንዳትቀምስ የሚል ነው፣ እዚያ አንድ ነገር ብትሆኚ የምጠየቀው እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ።

የአንኮበሯ አዩኝ። "ምንድን ነው እሱ?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ሰላይ መባሉን ችዬው ነበር። በሽተኛ መባሉን ግን አልደፈርኩም።

"ልጄ፣ ታመሻል እንዴ?"

"አዎ እማማ። በየቀኑ ካልወሰድኩት አልቆምም። ሳልውጠው ቢቀድዱኝ ከዚያ ጠረጴዛ አልነሳም።"

የጫጫዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ቀና ብለን አልተያየንም።

የአንኮበሯ ወደ ፖሊሱ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጾመሃል?"

"ጾሜያለሁ እማማ።"

"ጠዋት ጠበል አልጠጣህም?"

"ጠጥቻለሁ።"

"ታዲያ ጾምህን ገደፍክ?"

እሳቸው ከጉያቸው ከደብራቸው የመጣላቸውን የጠበል ብልቃጥ አወጡ። "በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። ለበሽተኛ ነው የፈለቀው። መድኃኒቷን በዚህ ትዋጥ፤ የሚጠይቅህ ካለ እኔ አለሁ።" ፖሊሱ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ይዞ አየው፣ አማተበ፣ መሀረቤን መለሰልኝ። አንዲት ጉንጭ ብቻ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ዋጥኩት። አላምንበትም ያልኩ እኔ ጠበል ጠጣሁ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር በሰው ተሞልቷል፤ የእናቴ ጎረቤትም ወረፋ ይዛለች፣ ካቴናዬን እያየች። ነርሷ ከማታ ወዲህ የቀመስሽው አለ ወይ ስትል በጆሮዋ ልነግራት ጎንበስ አልኩ። መልሼ ቀና አልኩ።

"ኮርቲዞን በአንድ ጉንጭ ጠበል ወስጃለሁ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "በየቀኑ ነው የምወስደው። በሽተኛ ነኝ።"

ነርሷ ደግ አደረግሽ ብላ አስገባችኝ። ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣሁ።

ስለ እስራቴ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ዱላ እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። አልተመታሁም። እነዚያ ሴቶች ከመርማሪው እጅ የምበላ፣ ወሬያቸውን የማቀብል መስዬ አብሬያቸው ስተኛ፣ አንድ ቃል ብናገር ያርፉ ነበር። በሽተኛ ከመባል ሰላይ መባልን መረጥኩ። እሱን ሳስብ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።