እናትና ልጅ በአንድ የፈተና ግቢ

እሌኒ ባሏን ተከትላ ጅጅጋ ስትገባ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠች አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ በኃይሉ ወታደር ነው፤ አንዴ ሀርሺን፣ አንዴ ሌላ ጠረፍ ሲባል ቤቱን ይዛ የቀረችው እሷ ናት። አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆና ገባችና ዕድሜዋ ፋይል ከክፍል ክፍል ስታመላልስ አለፈ። መዝገብ ቤት ቦታ በተከፈተ ቁጥር ታመለክታለች፤ "አሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰች" ተብላ ትመለሳለች። በመጨረሻ እልህ ይዟት ማታ ትምህርት ተመዘገበች።

ነገሩ ከልጇ ከሄርሜላ ትምህርት ጋር ገጠመ። ልጅ በቀን፣ እናት በማታ፣ እኩል አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኑ። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። ባንድ ጠረጴዛ ያጠናሉ፤ ሄርሜላ የእናቷን እንግሊዝኛ ታርማለች፤ እሌኒ ታሪክ ታስጠናታለች። በኋላ ግን የሄርሜላ ጓደኞች "እናትሽ ክላስሜትሽ ናት አሉ!" እያሉ መሳቂያ አደረጓት። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ደብተሯን ሰብስባ አልጋዋ ላይ ማጥናት ጀመረች።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ፣ ፈተናው ሳያልቅ ላይወጡ ነው። አንሶላቸውን ሲያጣጥፉ ሄርሜላ ቀና ሳትል ተናገረች።

"እማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ? እዚያ ስንገባ እንደማታውቂኝ ሁኚ።"

"እንዴት ነው ልጄን የማላውቃት?"

"በቃ አትጥሪኝ፣ አጠገቤ አትምጪ። ማይልኝ።"

እሌኒ ማጣጠፉን አቆመች። ሆኖም ልጇ በፈተና ዋዜማ ሆድ እንዲብሳት ስላልፈለገች፣ "እሺ፣ እናቴን!" ብላ ማለች።

በሩ ላይ ስልክ የያዘ እንዳይገባ ተፈተሹና ገቡ። እሌኒ የልጇ እኩዮች መሀል ተደራራቢ አልጋ ላይ ወጣች። ልጆቹ "ማዘር" አሏት፤ ደግ ነበሩ። ግን አየሩ አልበቃ አላት። ውጪ የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን እያፈሰ ከመስኮቱ ጋር ይላጋል፤ በአጥሩ ወዲያ ባጃጆች ሲያልፉ ይሰማል፤ ቤቷ ቅርብ ነው፤ መውጣት ግን የለም። ልጇም ቅርብ ናት፤ እሷንም መጥራት የለም።

የሒሳብ ፈተና ያለቀ ዕለት እሌኒ ምሳዋን በትሪ ይዛ መቀመጫ ስትፈልግ ሄርሜላን አየቻት። ጥግ ላይ ብቻዋን፣ ምግቡ እንደቀረበ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሌኒ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። መሐላዋ እግሯን ያዘው። ልጆቹ እያዩ ብታቅፋት የባሰ ታፍርብኛለች ብላ ፈራች። ዞራ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ትሪውንም ሳትነካው መለሰች።

ውጤት የወጣ ጠዋት ስልኩን የያዘችው ሄርሜላ ነበረች። የራሷን አየች፤ ቀጥላ የእናቷን።

"አልፈሻል" አለች፣ ደረቅ ባለ ድምፅ።

"አንቺስ?"

ሄርሜላ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሌኒ ልታቅፋት ስትጠጋ ልጅቱ ገፋቻት።

"ያን ቀን ምግብ ቤት ውስጥ አይተሽኛል አይደል?"

"አይቼሻለሁ።"

"ለምን አልመጣሽም ታዲያ?"

"አትምጪ ብለሽ አስምለሽኝ..."

"እናቴ አይደለሽም እንዴ!" ብላ ጮኸች ሄርሜላ። መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ይሄኔ ጎረቤቷ ዋርዳ ወሬውን ሰምታ እልል እያለች በጓሮ ገባች። "መብሩክ! እሌኒ ወላሂ አንበሳ ነሽ!" እሌኒ ሮጣ በመዳፏ አፏን ያዘቻት። "ዝም በይ በእናትሽ፤ ልጄ ውስጥ ናት።" ዋርዳ ገባትና ሻሿን አፏ ላይ ጫነች። ሁለቱ ሴቶች ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

በኃይሉ ከጠረፍ ደወለ። "እንኳን ደስ አለሽ ልበልሽ፣ ወይስ ልተወው?" አላት።

"ተወው" አለችው።

መዝገብ ቤት ተዛወረች። ባልደረቦቿ ሲያጨበጭቡላት ፈገግ አለች፤ ቤት ስትደርስ ግን የሥራውን ነገር አታነሳም። ድጋሚ ተፈተኚ፣ አብሬሽ አጠናለሁ ብትላት ሄርሜላ፣ "ለአንቺ ቀላል ነው" ትላለች። ዝም ብትል ደግሞ፣ "ተስፋ ቆርጠሽብኛል" ትላለች። ቢናገሩም ጥፋት፣ ባይናገሩም ጥፋት ሆነ። ጥቂት ወራት እንዲህ ከኖሩ በኋላ ልጅቱ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ፀጉር ቤት ሥራ ያዘች።

እሌኒ ዛሬ ከሥራ በኋላ አካውንቲንግ ትማራለች። ብዙ ቀን ልተወው ብላ ታውቃለች፤ ብትተወው ግን ልጇን ያጣችበት ነገር ባዶ ይሆንባታል፤ ብትቀጥል ደግሞ በልጇ ላይ የምትራመድ ይመስላታል። ያም ሆኖ ማታ ማታ ወደ ክፍል ትሄዳለች።

ሄርሜላ የምትደውለው ለአባቷ ብቻ ነበር። በቅርቡ ለእናቷ ደወለች።

"ትምህርት እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ሥራስ?"

"ደህና ነው።"

በወዲያኛው በኩል የፀጉር ማድረቂያው ሲጮህ ይሰማል። እሌኒ ስልኩን ከጆሮዋ አልነቀለችም፤ ሄርሜላም አልዘጋችም።