ስልሳ ሰከንድ ከአባቴ ጋር

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነበር። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ይቀርባል። አንደኛው ስክሪን ላይ የሚመጣውን ቃል ያያል፤ ቃሉንም ሆነ ከቃሉ የሚወጣ ሌላ ቃል ሳይጠራ፣ እጁንም ሳያንቀሳቅስ ያብራራል። ሌላው ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ቃሉን ይገምታል። ያላቸው ጊዜ ስልሳ ሰከንድ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ የከበዳቸውን ቃል «ይለፈን» ማለት ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። ሲጀመር ዘጠና ሰከንድ ነበር፤ ተመልካቹ ተንቀረፈፈ ስላለ ቀነሱት። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ስፖንሰሩ ተወውና ቀረ። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

አባቴ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ አምበር ላይ፣ ለብዙ ዓመታት አማርኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት ገብቷል። ሽማግሌ ሲላክ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ተነስቶ የሚናገረው እሱ ነበር። ታዲያ ካቻምና አንድ ቤት ልጅ ሊጠይቁ ሄደው፣ ንግግሩ መሐል ላይ የላከውን ሰው ስም አጣው። አጠገቡ የነበረው ሽማግሌ ጨረሰለት። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራው የለም። ክፉ ቃል የተናገረውም የለም፤ ዝም ብለው ሌላ ሰው መጥራት ጀመሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ደብረ ማርቆስ እኔ ጋ መጥቶ ቢኖርም፣ የማን ሽማግሌ የት እንደሄደ ወሬው ይደርሰዋል።

የጨዋታውን ማስታወቂያ ሲያይ «እንመዝገብ» አለኝ። «እነዚያ የአምበር ሰዎች ይዩኝ።»

ቃላት እየጠፉበት መሆኑን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ማንኪያን «ያ ነገር» ማለት ጀምሯል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ፈራሁት፣ ደግሞም ጓጓሁለት።

እኔም መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሎን ውስጥ እንለማመድ ነበር። ከደብተር ሽፋን በቆረጥኳቸው ካርዶች ላይ ቃል እጽፋለሁ፤ እሱ ያብራራል። እንዴት ያብራራል መሰላችሁ! «ጃንጥላ» ቢደርሰው ከታቦቱ ይነሳና ቁይ ከተማ ገበያ ወጥቶ ዝናብ እስካበሰበሰው ቀን ድረስ ይወርዳል። እኔ ገና ታቦቱ ላይ ሳለ አውቄዋለሁ፤ ግን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ከአፉ መንጠቅ የለም። ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄም አልሞከርኩትም። ሲጨርስ «ጃንጥላ» እለዋለሁ፣ ደስ ይለዋል። ሰዓቱን በስልኬ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ስልሳው አልፎ መቶ ሃያ ሲገባ አልነገርኩትም። ደስታውን ላለማበላሸት ነበር፤ ይህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

ስቱዲዮ ውስጥ ከእኛ በፊት የቀረቡት አዲስ አበባ የሚኖሩ አባትና ልጅ ናቸው። ልጅቱ አባቷ አፉን ገና ሲከፍት ትጮሃለች፤ ትሳሳትና እንደገና ትጮሃለች። እሱ ይስቃል። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ምነው፣ አባቷን አታስጨርሰውም እንዴ?» አለኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ እቴ! በጨዋነታችን ኮራሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት አገኘን። ሦስተኛው መጣ። አባቴ ጋቢውን አስተካከለና፣ «ቤት ሲሠራ፣ ቆርቆሮው ሊመታ ሲል፣ አናጢው ከመሬት ተነስቶ…» ብሎ ቆመ።

መሰላል ነው። አፌ ላይ ነበር። እሱ ግን አልጨረሰም፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አሁን ይቀጥላል፣ አሁን ይቀጥላል እያልኩ ጠበቅኩት። «ይለፈን» እንኳ አላልኩም፤ እሱ ሳይል እኔ እንዴት ብዬ? ደወሉ ተደወለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲተላለፍ፣ ያ ዝምታ ላይ የሰዓት ድምፅና የሰው ሳቅ ጨምረውበታል። እዚያ የነበረ ሰው አልሳቀም ነበር። ቴሌቪዥኑን መስበር አማረኝ። አባቴ እስከ መጨረሻው አየና ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ ደንግጣ ነው» ይላል፤ እኔም «አዎ፣ ደንግጬ ነው» እላለሁ። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ኮሪደር ላይ «ቲቸር፣ መሰላል!» እያሉ ቀልደውብኛል። ይቀልዱ። እሱ ላይ ከሚሆን እኔ ላይ ይሁን።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣

«አውቀሽው ነበር?» አለኝ።

«ምኑን?»

«መሰላሉን።»

መዋሸት አቃተኝ። «አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ እየተናገሩ ነበራ! እንዴት ብዬ ላቋርጥዎ?»

«እኔ መች ተናገርሁ?» አለኝ። «ዝም ብዬ ነበር እኮ የቆምሁት።»

እንባዬ መጣ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ይብስ ያሳዘነኝም አለመቆጣቱ ነው።

«ካሁን ወዲያ ስቆም አትጠብቂኝ» አለና ሻዩን አነሳ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡ። አባቴ የዘንድሮው ክረምት በአምበር ጤፍ ላይ ያደረሰውን ጉዳት እያወራላቸው፣ መሐል ላይ ቆመ።

«በረዶ» አልኩ።

«በረዶ» አለና ቀጠለ። ጎረቤታችን ክው ብለው እኔን አዩኝ፤ ቀጥሎ እሱን አዩት፣ ይቆጣታል ብለው። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር ወሬውን ጨረሰላቸው።