በርበሬ ለማገላበጥ የተማርኩት ፊዚክስ

እናቴ አስም አለባቸው። በርበሬ ነጋዴም ናቸው። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ሐኪሙም እኛ ልጆቻቸውም ደጋግመን ነግረናቸዋል። እሳቸው ግን በየዓመቱ ከገበሬ የገዙትን እርጥብ በርበሬ ቡሬ ባለው ግቢያችን ሸራ ላይ ያሰጡና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው በእንጨት መንሽ ያገላብጡታል። ያስነጥሳሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ።

እኔ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ቤት ተመልሼ ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ኔትወርክ እስካለ ድረስ የትም ሆኜ እሠራዋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። የእናቴን ሳል በመስኮት እየሰማሁ ሁለት ቀን ከቆየሁ በኋላ በርበሬውን የሚያገላብጥ ሮቦት እሠራለሁ አልኩ። ስድስት ዓመት ኮድ ለጻፈ ሰው ምን ይከብዳል? ወደፊት መሄድ፣ ሸራው ጫፍ ሲደርስ መዞር፣ መመለስ፤ ይኸው ነው። በሦስት ቀን ኮምፒውተሬ ላይ ሠርቼ ጨረስኩት። ስክሪኑ ላይ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

የሰፈራችን በያጅ ብረቱን ሠራልኝ። ሞተሮቹን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ጎማዎቹ የእጅ ጋሪ ጎማዎች ነበሩ። ከኋላው ጥርስ ያለው ብረት ገጠምኩበት። በመጀመሪያው ቀን ሸራው ላይ ወጣና ጥቂት ሄደ፤ ከዚያ ጎማው በርበሬው ላይ ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። ገፋ ሳደርገው ጥርሱ ሸራውን ያዘና ማሽኑ ተገለበጠ። አንዱ ሞተር ጨሰ። እናቴ የተጨፈለቀውን በርበሬ በእጃቸው ለቀሙና ማሽኑን አየት አድርገው፣ "እንግዳ ነው፤ ገና ቤቱን አልለመደም" አሉ። ስለ ማሽኑ ነው ያሉት፤ ለእኔም ጭምር መሰለኝ።

የጎደለኝ ፊዚክስ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ለሮቦት የትኛውን ፊዚክስ ልማር ብዬ ኢንተርኔት ላይ ጠየቅሁ። ብዙ ሰው መለሰልኝ፤ የአንዱ ዝርዝር ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ሁሉንም ከሥሩ ጀምሪ ሲለኝ ሌላው ምንም አያስፈልግሽም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላልሻል አለኝ። አንድ ወፍራም የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ አውርጄ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሰለቸኝና ወደ ኤሌክትሪክ ዘለልኩ፤ ከዚያ ወደ ብርሃን። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ስለ አቶም ውስጥ ሳነብ ዋልኩ። አራት መጽሐፍ ከፍቼ አንዱም አልገባኝም። እየተነሳሁ ግቢውን እዞራለሁ። እናቴ እዚያው ሸራው ዳር ቆመው ያገላብጣሉ።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። አብራኝ የተማረች አንዲት ጓደኛዬ እዚያ ፊዚክስ ታስተምራለች። የመምህራን ክፍል ተቀምጣ ፈተና ስታርም አገኘኋት። ያነበብኩትንም ያልገባኝንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላትና የትኛውን ልማር፣ የትኛውን ልተው አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ማሽኑ የወደቀው በየት በኩል ነው?" አለች።

አላስታወስኩም።

"እንግዲያው ሂጂና እይው።"

ዝርዝር ፍለጋ ሄጄ በጥያቄ ተመለስኩ። ቡሬ እስክደርስ እንደተናደድኩ ነበር። በማግስቱ ግን ማሽኑን ሆን ብዬ ደጋግሜ ጣልኩት። ሁልጊዜ አፍንጫውን አንስቶ ወደ ኋላ ነው የሚገለበጠው፣ ባትሪውና ጥርሱ ወዳሉበት። ደውዬ ነገርኳት፤ ቅዳሜ መጣች።

ስንጥር አንስታ መሬቱ ላይ ሣለችው። ክብደቱ የሚያርፍበትን ነጥብ አደረገች፤ ጎማዎቹን፣ ጥርሱ ወደ ኋላ የሚጎትትበትን ቀስት። "መጀመሪያ ቆሞ እንዲውል እናድርገው፤ ስለ መሄዱ ከዚያ እናወራለን" አለችኝ። ባትሪውን ወደ ፊት አመጣነው፤ ጥርሱን ደግሞ ዝቅ አድርገን አሰርነው። ከዚያ ወዲያ አልተገለበጠም። ቶርክ የሚባለውን፣ የማዞር ኃይልን፣ ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ያው ክብደት ቦታውን ሲቀይር ሌላ ነገር እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ወዲያው ካሜራ ልግጠምለት አልኳት። ጎማው ገና ይንሸራተታል ብላ ከለከለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ጎማው ለምን እንደሚንሸራተት፣ ስለ ሰበቃ እያነበብኩ ሳለ የመንሹ ድምፅ ቆመ። ብቅ ስል እናቴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ይነሳል፣ ይወድቃል፤ መናገር አልቻሉም። በአፋቸው የሚስቡት የአስም መድኃኒት አልረዳቸውም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ከሰዓት በኋላ ተሽሏቸው ተመለስን። ለጓደኛዬ ደውዬ ማሽኑን በዚህ ሳምንት እጨርሰዋለሁ፣ ትልቅ ሞተር አዛለሁ እያልኩ ብዙ አወራሁ። 

"ማሽኑ እስኪደርስ መንሹን ለምን አንቺ አትይዢውም?" አለች።

አስቤው አላውቅም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ አፍንጫዬን ሸፍኜ ጠዋትና ከሰዓት እኔ አገላብጥ ጀመር። እናቴ አትችይውም ብለው ተከራከሩ፤ ኋላ ነፋሱ ወደማይደርስበት በረንዳ ወንበር ወስደው ከዚያ ሆነው ያዝዙኝ ነበር። ዓይኔ ያነባል፣ ክንዴ ይዝላል። ጠዋት በርበሬው ጤዛ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቀትር ላይ ደርቆ ይንሿሿል። የመንሹን አንገት ስይዝና ጫፉን ስይዝ ድካሙ አንድ አይደለም። የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሼ መንሹ ላይ አስሬ ጎተትኩ። ለመጎተት የሚጠይቀው ኃይል ጠዋት የቀትሩ እጥፍ ሆነ። ሞተሩን ስገዛ ይህን አላወቅሁም። መዞር ያቃተው ሞተር ከሚዞረው እጅግ የበዛ ኤሌክትሪክ እንደሚስብና እንደሚቃጠል መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ገጽ ነው። አሁን ሁለቱን ገጽ አንብቤ ገባኝ። ጠንከር ያለ ሞተር ገጠምን፤ ጎማዎቹም በርበሬውን ሳይረግጡ ግራና ቀኝ በባዶው ሸራ እንዲሄዱ ብረቱን አስፍተን አስበየድነው።

አሁን መሄዱን ሄደ፤ ግን እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ እያለ። ከግቢው ግድግዳ ያለውን ርቀት የሚለካ መሣሪያ ነበረው፤ ሲርቅ ይመለሳል፣ ሲመለስ መስመሩን ያልፋል። ጓደኛዬ ቆማ ስታየው ቆየችና ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው የሚመስለው አለች። ለአሥራ አንደኛ ክፍል የምታስተምረውን የውዝዋዜ ቀመር ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ውዝዋዜውን የሚያበርደው የቀመሩ ክፍል የእኔ ኮድ ውስጥ የለም። እኔ ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ነበር የማየው፤ በምን ፍጥነት እየተመለሰ እንደሆነ አላይም ነበር። አንድ መስመር ጨመርኩ። ማሽኑ አንዴ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ሄደ። ሸራውን እስኪጨርስ ሁለታችንም ከጎኑ ተከተልነው።

የዚያን ዓመት የመጨረሻውን በርበሬ ከሰዓት ከሰዓት ማሽኑ አገላበጠው። የጤዛው ጊዜ አሁንም ስለሚከብደው ጠዋቱ የእኔ ነበር። እናቴ ለጎረቤት፣ "ልጄ ናት የምታገላብጥልኝ" ይሉ ነበር፤ የማሽኑን ስም አያነሱም።

በቅርቡ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ ሮቦት መሥራት እንደሚፈልግ ነገረኝና ከፊዚክስ ምን ልማር አለኝ። ዕቃ ለምን እንደሚቆምና ለምን እንደሚወድቅ፣ ስለሚሽከረከር ነገር፣ ስለ ሰበቃ፣ ስለ ሞተር ኤሌክትሪክ፣ ስለ ውዝዋዜ አልኩት። ሌላውን የያዝከው ሥራ ሲጠይቅህ ትደርስበታለህ አልኩት። ይኸው ብቻ ነው? አለኝ። ደስ እንዳላለው ድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ዘንድሮ እናቴ ትንፋሻቸው ደህና ነው። ደህና ስለሆኑም ሳያማክሩኝ ሁለተኛ ሸራ ገዝተው ከጓሮ፣ ቁልቁለቱ ላይ አነጠፉ። ማሽኑ ቁልቁለት አያውቅም። መንሹን ይዤ ከጠዋት ጀምሮ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው እመላለሳለሁ።