አዲስ ዘፈን እስኪወጣ

እኔ እንኳን የኮሪያን፣ የአማርኛውንም ዘፈን በወጉ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ጨርቅ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከዱባይ የሚመጣ የሴት ልብስ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ እናቴም ድሬዳዋ ላይ ይህንኑ ስትሸጥ ነው ያሳደገችኝ። አንድ ሰው መጥቶ "አምስት የኮሪያ ልጃገረዶች ዘፈን አላወጡም ብለሽ እንቅልፍ ታጫለሽ" ቢለኝ፣ ወላሂ፣ ከሱቄ ነበር የማባርረው። ግን አጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እነዚያ ልጆች አዲስ ዘፈን መቼ እንደሚያወጡ እንደኔ የጨነቀው ሰው በጅቡቲ ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ልጄ ናት። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ እሷኑ በገዛ እጄ አስኮረፍኳት።

አሥራ ስድስት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። አንዲት ደንበኛዬ ሱቅ መጥታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ሳየው ልጄ ናት፤ ጋቦዴ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣራ ላይ ወጥታ የእነዚያን ኮሪያዎች የኬፖፕ ዳንስ ትደንሳለች። "ማሻአላህ፣ ልጅሽ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት!" አለች ሴትዮዋ። አፏ ይህን ይበል እንጂ ዓይኗ ሌላ ነበር የሚለው። ደሜ ፈላ። ልጄ ከትምህርት ቤት ወጥታ ሱቅ ስትገባ ሰላምታዋን እንኳ ሳልመልስ፣ ደንበኛ ፊት፣ በጥፊ አልኳት። አልበቃኝም። ስልኳን ተቀብዬ የቀረጸችውን ዳንስ ሁሉ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ እያየች፣ አንድ በአንድ አጠፋሁት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘጋችኝ። በላሽ ወይ? አዎ። ፈተናው እንዴት ነበር? ደህና። ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። ባለቤቴ ለንግዱ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው ነው፤ በመጣ ቁጥር "ምናለ ይቅርታ ብትጠይቂያት?" ይለኛል። እናት ልጇን ይቅርታ ትጠይቃለች እንዴ? እኛ ቤት እንደዚያ ዓይነት ነገር አይታወቅም። ጥፋቴን እኔም አውቀዋለሁ፤ አፌ ነው እምቢ ያለኝ።

ስድስት ወር ገደማ እንዲህ ከረምን። ከዚያ አንድ አርብ፣ አሥር ሰዓት አልፎ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ መጥታ የክፍሌ በር ላይ ቆመች።

"እማ፣ ስልክ ትይዥልኛለሽ?"

"የምን ስልክ?"

"አዲስ ዘፈን አውጥተዋል። ዳንሱን ልቀረጽ ነበር፣ የሚይዝልኝ ሰው የለም።"

እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። ድሮ የምትቀርጻት የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ የልብ ጓደኛዋ። የእሷ ቤተሰብ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጠቅልሎ ፈረንሳይ ገብቷል። ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፣ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ እየተጣደፍኩ ተከትያት ወጣሁ። ለማን እንደምትልከው እንኳ አልጠየቅኳት።

የመጀመሪያውን አውራ ጣቴ ገብቶ አበላሸው። ሁለተኛው ላይ ከጉልበቷ በታች ቆረጥኳት። "እማ፣ እግሬን! ዳንሱ ያለው እኮ እግሬ ላይ ነው!" ብላ ጮኸችና ሳቀች። ልጄ ሳቀች! ሲያልቅ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን አየነው። እራት ላይም አወራችኝ፤ ስለ መምህሮቿ፣ ስለ ክፍሏ ልጆች፣ የትኛዋ ዘፋኝ ጸጉሯን ምን እንደተቀባች ሳይቀር። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆንን። ከዚያ ዘፈኑ አረጀ፤ እሷም ተመልሳ ዝም አለች።

ቀጣዩ ከአምስት ወር በኋላ ወጣ። እንደገና ጣራው፣ እንደገና ሳቁ፣ እንደገና ዝምታው። ያኔ ገባኝ። ልጄ የምታዋራኝ እነዚያ ልጆች ሲያወጡ ብቻ ነው።

ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት በፊት ስልኬን አያለሁ። ከእናቶቻቸው ጋር ጨርቅ ሊመርጡ የሚመጡትን ልጃገረዶች ጠጋ ብዬ "የኔ ቆንጆ፣ እነዚያ አምስቱ ኮሪያዎች መቼ ነው የሚያወጡት?" እላቸዋለሁ። ይሳሳቃሉ። አንዷማ እናቷን በፈረንሳይኛ "ሴትዮዋ ጤነኛ ናት?" አለቻት፤ የማልሰማ መስሏት። ሌላዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። አንዳንዱ ቡድን በየሦስት ወሩ ያወጣል፣ አንዳንዱ ዓመት ይፈጃል፣ የእኛዎቹ አይታወቁም። የእኛዎቹ! እንዲህ ስትል ደስ አለኝ፤ የማይታወቁ መሆናቸው ግን አንጀቴን አቃጠለው።

ሦስተኛው ከሰባት ወር በኋላ ሲወጣ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ጣራ ላይ ላቧን ስትጠርግ፣ "ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው በየወሩ የማያወጡት?" አልኳት።

"በየወሩ?" ዞር ብላ አየችኝ። "እማ፣ ሰው እኮ ናቸው!"

"ሰው መሆናቸውን መች ካድኩ? ግን እኔ ለዒድ አዲስ ጨርቅ ባላመጣ ማን ሱቄን ይረግጣል? ደንበኛ እኮ አይጠብቅም።"

መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ታስረዳኝ ጀመር። በዓመት ሁለቴ ይበቃል አለች። አንዱን ሳንጠግበው ሌላው ከመጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ልጆቹ ደግሞ ጉልበታቸውን በፋሻ አስረው ነው የሚደንሱት፤ እንቅልፍ አያውቁም፤ እናቶቻቸውን እንኳ የሚያዩት ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። ቀጥላ ወደኔ ዞረች። "አንቺስ ባለፈው የዒዱ ሳያልቅልሽ ሌላ አምጥተሽ ያ ሁሉ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ አልቀረም?"

ልክ ናት። ግን እጅ አልሰጠሁም።

"እሺ፣ በየሦስት ወሩ።"

"እማ!"

"በአራት ይሁን፤ የመጨረሻ ነው!"

"እኔን ነው እንዴ የምትከራከሪው?" እያለች በሳቅ ፈረሰች። "ደግሞ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?"

መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ካንቺ ጋር ማውራት ናፍቆኝ ነው ብል ምን እሆን ነበር? "ተነሽ፣ ባትሪው እያለቀ ነው" አልኳት። እንዲህ ነኝ እኔ።

የመጨረሻው ዓመት በጥናት አለቀ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ሞሮኮ ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ ጉዞዋ መስከረም ላይ ሆነ። ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ቁርስ ስንበላ ስልኳን እያየች፣ "ላልተወሰነ ጊዜ ሊያርፉ ነው" አለች።

"እነማን?"

"እነሱ ናቸዋ። ደግ አደረጉ፣ በጣም ደክሟቸው ነበር።"

"ምን ማለት ነው ማረፍ? በዚህ ዕድሜያቸው ምን ሠርተው ነው የደከሙት? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስሸከም ማን አረፍ በይ አለኝ?" ጮህኩ። ልጄ ግራ ተጋብታ አየችኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት? ዘፈን ካልወጣ ጣራው የለም፤ ጣራው ከሌለ ወሬ የለም፤ ልጄ እንደኮረፈችኝ ልትሄድ ነው።

ያ ክረምት አይነሳ። የጅቡቲ ክረምት ዝናብ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አቧራውን በበር በመስኮቱ ይነሰንሰዋል፤ መብራቱ ደርሶ ይጠፋል። እኔ ከክፍሌ እስከ በሯ እሄድና እመለሳለሁ። አንዴ "ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣልሽ?" እላለሁ፣ አንዴ "ልብስሽ ታጠበ?" እላለሁ። "አይ።" "አዎ።" ተመልሼ እቀመጥና ሳልቆይ እነሳለሁ። አሳባቸውን ቀይረው እንደሆን ብዬ ስልኬን አያለሁ። ምንም የለም።

ልትበር ሁለት ቀን ሲቀራት፣ በቀትር ሱቁን ዘግቼ መጥቼ፣ ሻንጣዋን አብረን እናስተካክል ነበር። ጫማዋን ከአልጋው ሥር ላወጣ ጎንበስ ብዬ እጄን ስሰድ አንድ ብረት ነገር ያዝኩ። ጎተትኩት። ሦስት እግር ያለው፣ ጥቁር፣ አቧራ የጠገበ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ፊቷ ቀላ። "የስልክ ማቆሚያ።"

"መቼ ገዛሽው?"

"አልገዛሁትም። ጓደኛዬ ናት፣ ወደ ፈረንሳይ ስትሄድ የሰጠችኝ። ብቻሽን እንድትቀረጪበት ብላ።"

ጓደኛዋ የሄደችው መቼ ነው? ገና የመጀመሪያውን ሳንቀርጽ፣ እኔ አውራ ጣቴን ሳላስገባ በፊት ነው። ማቆሚያውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ይሄ እያለሽ ነው የሚይዝልኝ የለም ያልሽኝ? ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ፀሐይ ላይ ገትረሽ፣ እጄ እየዛለ፣ እግርሽን እየቆረጥኩ..."

"ታዲያ በሌላ በምን ሰበብ ልጥራሽ?" አለችኝ።

ይህች ልጅም እንደኔው ዘፈኑን ስትጠብቅ ኖራለች ማለት ነው። "ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ስለመታሁሽ..." ብዬ ጀመርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ያጠፋሁብሽንም ሁሉ ይቅር በይኝ።"

ጎንበስ ብላ ማቆሚያውን ከእጄ ተቀበለችኝና አልጋው ሥር መልሳ ከተተችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"እማ፣ ነይ ጣራ እንውጣ። ያዥልኝ።"

ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር። አዲስ የወጣ ዘፈንም አልነበረም።