«እረፊ» ያላት ሹፌር

በ1972 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አፋምቦ ሐይቅ ዳር ወንዶቹ እናጠምዳለን፤ አክስቴ ዘሃራና ሌሎቹ ሴቶች ዓሣውን ሰንጥቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ አድርቀው ይሸጣሉ። እንጀራቸው ያ ነበር። አንድ ቀን በረዶ የጫነ መኪና መጣና እርጥቡን ዓሣ ከእጃችን መግዛት ጀመረ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ጨው የለ፣ ፀሐይ የለ፤ እረፊ!» አላት ሹፌሩ እየሳቀ።

«ያ አላህ! አረፈች የሚባለው ለሞተች ነው» አለችው ቢላዋዋን ሳትጥል። ወደኔ ዞራ ደግሞ፣ «በረዶ ሽታ ይደብቃል። ጉንጩን ገልጠህ ስንጥቡ፣ መተንፈሻው፣ መቅላቱን ሳታይ እንዳታምን» አለችኝ።

ትናንት ሰመራ ከተማ አንዲት ባለሱቅ ከፍሪጅ ዓሣ አወጣችልኝ። «አባባ፣ የዛሬ ነው» አለች። ጭንቅላቱ ተቆርጧል። ምነው ቆረጡት? ትቼው ወጣሁ።

ያኔም በማግሥቱ ጠዋት ያጠመድኩትን ተሸክሜ መኪናውን አልፌ ሄድኩና አክስቴ ፊት ዘረገፍኩት።