ዮናስ ነጎድጓድ በዋይሊ ሰርግ

ሮክ ኤንድ ሮልን ቴክሳስ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እርግጥ እኔ ከአውሮፕላን ስወርድ ሙዚቃው ገብቶ፣ አርጅቶ፣ ጡረታም ወጥቶ ነበር። ቢሆንም ዋይሊ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ የሐበሻ ሰርግ ላይ ከእኔ በፊት የሞከረው የለም፤ ከእኔ በኋላም የሚደፍር አልተገኘም።

ባለፈው እሑድ ማኪኒ ከተማ፣ ከአባቴ ጋር ቤቱ ቁጭ ብለን፣ ቴሌቪዥኑ የድሮ እንግሊዝ ሮከሮችን ጅማሮ ያሳያል። ጢም ያላበቀሉ፣ ጸጉራቸውን በቅባት ያስተኙ የወደብ ከተማ ልጆች ናቸው። አባቴ፣ "አጥፋልኝ እነዚህን አባት የለሾች" አለኝ። እሱ ሰማንያን አልፏል፤ ቂሙ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ስንኖር ጎረቤታችን የነበረው ዳዊት ባንድ አቋቋመ። ኪቦርድ ይጫወታል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ማዘዝ ይወዳል። ስለ እነዚያ እንግሊዞች ያላነበበው የለም። ማናጀራቸው ልጆቹን ከፋብሪካና ከመርከብ ሥራ በመልካቸው ይለቅማል፤ ከዚያ የቤተሰብ ስማቸውን አውልቆ የሚያስደነግጥ ስም ያለብሳቸዋል። እነሱም አሜሪካዊ ለመምሰል በአፍንጫቸው ይዘፍናሉ። ሶ፣ እኛ ደግሞ ቴክሳስ ተቀምጠን፣ አሜሪካዊ ለመምሰል የሚጥር እንግሊዝ ለመምሰል ላባችን ጠብ አለ።

ዳዊት እኔን የመረጠኝ ለጸጉሬ ነው። ልምምድ ላይ ኪቦርዱ ስለሚጮህ ድምፄን ማንም አልሰማውም። ስሜንም ዮናስ ነጎድጓድ አለው። ለእንግሊዝ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ነው፤ ለእኛ ግን አባት ነው። ይህን ከመካከላችን ያሰበበት አልነበረም።

የዋይሊው ሰርግ በሐምሌ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ዶሮ ወጥ መሥራት ይቻላል። አዳራሹ ውስጥ ክትፎው እየዞረ ሳለ አስተዋዋቂው "ዮናስ ነጎድጓድ" ሲል፣ አባቴ የጠቀለለውን ጣለና መድረኩ ሥር መጥቶ ቆመ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?"

"ጋሼ፣ የመድረክ ስም እኮ ነው" አለው ዳዊት። "እንግሊዝ አገር..."

"ዝም በል፣ አሳዳጊ የበደለህ። ነጎድጓድ የሚባል ሰው ቤታችን ደርሶ አያውቅም።"

ለእኔም ቆረጠልኝ፦ ወይ በእሱ ስም እዘፍናለሁ፣ ወይ ቤቱ አልገባም። ዳዊት በበኩሉ ስሙን ከቀየርኩ ከባንዱ እንደምባረር በጆሮዬ ነገረኝ። ሙሽራዋ እንባዋ መጥቷል፤ ሚዜዎቹ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። እራቴን የምበላው አባቴ ቤት ስለሆነ አስተዋዋቂውን ጠራሁት። "ዮናስ ታደሰ" ተባለ። አባቴ ኮሌታውን አስተካክሎ እንግዶቹን ዞር ዞር ብሎ አየ። ዳዊት ኪቦርዱን እንደ ጠላት ደበደበው፤ እኔም አፌን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ሁለተኛው ሳይጋመስ አባቴ አስተዋዋቂውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ "የቅድሙ ስም ይሻላል" አለው።

ባንዱ በዚያው ፈረሰ። ዳዊት ዛሬም ካየኝ ገና ፓርክ ያደረገውን መኪና አስነስቶ ይሄዳል፤ ስሙን በመለወጤ የከሰርን ይመስለዋል። አባቴ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በዳዊትና በእንግሊዝ ያላክካል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ልጆች በተለጠፈላቸው ስም ሥር የሚዘፍን ጉሮሮ ነበራቸው። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ያኔም አልነበረኝም።