ልጄ አላባረረኝም

የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ባሌ ተራሮች ሄዳ፣ ድንኳን ውስጥ አድራ የተመለሰች ቀን ቤታችን ደስ ብሎት ዋለ። ስልኳን እየተቀባበልን ፎቶዎቹን አየን። አባቷ፣ የበኩር ልጄ፣ "ጎበዝ፣ አገርሽን እወቂ" አላት። እኔም በዚያው ጨዋታ መሀል፣ "ድንኳኑን አውሺኝ፣ እኔም ጭልሞ ደን ሄጄ አድራለሁ" አልኩ።

"እማዬ፣ ምን ጎደለብሽ?" አለ ልጄ።

"ምንም። ጫካው አማረኝ።"

"እሁድ በመኪና ወስጄ አሳይሻለሁ።"

"ማደር ነው ያልኩህ። ብቻዬን።"

"ሰው ምን ይላል?"

ከአምቦ አዲስ አበባ ስመላለስ ዕድሜዬን ሙሉ ከጊንጪ በላይ ያለውን ያንን ደን በመስኮት እያየሁ አልፌአለሁ። ወይ ለቅሶ ነበር፣ ወይ አራስ ጥየቃ፣ ወይ ሐኪም ቤት። አንድም ቀን ለራሴ ብዬ አልወረድኩም። ለሴት ልጁ አገር ማወቅ የሆነው ነገር ለእናቱ ሲሆን ለምን ነውር እንደሚሆን ንገረኝ አልኩት። "አትሄጂም" አለኝ፣ በገዛ ቤቴ።

ሄድኩ። ተደብቄም አልነበረም። የልጅ ልጄ የድንኳኑን አተካከል ግቢ ውስጥ አሳየችኝ፤ በሚኒባስ ጊንጪ፣ ከዚያ በባጃጅ ኮረብታውን ወጣሁ።

የደኑ ጥበቃ መንገዱ ላይ ቆሟል። ከፊቴ ቦርሳ ያዘሉ ሁለት ወጣቶችን በእጁ አሳለፋቸው። እኔን ግን አቆመኝ።

"አኮ፣ ማን ነው የሚከተልዎት?" አለ። በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው።

"ማንም።"

"ልጅ የለዎትም?"

"አለኝ።"

ራሱን ነቅንቆ፣ "የልጅዎን ስልክ ቁጥር ካልሰጡኝ አላሳልፍም" አለ። የወጣቶቹን እናት ስልክ አልጠየቀም። እየተናደድኩ ሰጠሁት።

ድንኳኔን አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተከልኩ። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩኛል፣ እኔም በሶዬን እየበላሁ አያቸዋለሁ። ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ግን ብዙም አልቆየልኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከታች መንደር ሦስት ሽማግሌዎችና ወተት የያዘች አንዲት ሴት መጡ። ጥበቃው ነግሯቸው ኖሯል። ዙሪያዬን ተቀመጡ።

"ያስወጣሽ ልጅሽ ነው?" አለ ትልቁ ሽማግሌ በቀስታ።

"ምራቷ ናት" አለች ሴትየዋ። "ፊቷ ላይ ያስታውቃል።"

"ማንም አላስወጣኝም። ለመዝናናት ነው የመጣሁት።"

ተያዩ። "እናት ነሻ" አለ ሽማግሌው፣ "ትሸፍኚለታለሽ።"

በካድኩ ቁጥር የባሰ አዘኑልኝ። ማዶ ድንኳን የተከሉትን ወጣቶች እያሳየሁ፣ "እነዚያንስ ማን አባረራቸው?" አልኩ።

"እነሱ ቱሪስት ናቸው።"

"ከየት የመጡ?"

"ከሆለታ።"

ወተቱን ጠጣሁ፣ ቤታችን እደሪ ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። ሌሊቱን በሰላም አደርኩ፤ በሰላም ያላደረው ልጄ ነው። ደውለውለት ያልሆነውን ሁሉ ብለውት ነበርና ጠዋት ሽማግሌዎቹ በግራና በቀኝ ይዘውት መጣ። ግንድ ላይ አስቀምጠው እናት ምን እንደሆነች መከሩት። ምራቴ በምግብ እንደበደለችኝ ሁሉ ተወራ። እሱም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ፣ "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አለና ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። ሁሉም ተመስገን አሉ።

ጉልበቴን ሰበሰብኩ። "ተነስ። ምን አጥፍተህ ነው?"

"እማዬ፣ በቃ ይለፍ።"

"አይለፍም። አባርረኸኛል?"

"አላባረርኩሽም።"

"ታዲያ በራስህ ላይ በሐሰት ለምን ትመሰክራለህ?"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። የተከሳሹን ቃል ሳትሰሙ ፈረዳችሁ አልኳቸው። ይህ ልጅ የቤቱን ጥሩ አልጋ ለእኔ የተወ ነው፤ ምራቴም እህል ነፍጋኝ አታውቅም። ጥፋት ካለው አንድ ነው፤ ሴት ልጁ ባሌ ስትሄድ አጨበጨበ፣ እናቱን ከለከለ።

ትልቁ ሽማግሌ ልጄን አየው። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው።"

"ይኸው አሉ" አልኩት። "ያላደረግኸውን ሁሉ አሉ። አሁን ያደረግኸውን አንተ በላቸው።"

ልጄ ቀና ብሎ፣ "እናቴ ተጣልታ አልመጣችም። ልትዝናና ነው የመጣችው። እኔ ነኝ ያለ አግባብ የከለከልኳት" አለ። ያን ጊዜ ጉልበቴን ሰጠሁት። አንድ ሌሊት ይቀረኛል፣ ነገ እመጣለሁ ብዬም ሸኘሁት።

ሽማግሌዎቹ መርቀውን ወረዱ። ሴትየዋ ባዶ ዕቃዋን አንስታ ስትከተላቸው፣ "ምራትየዋ ናት፣ አላልኳችሁም?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።